ስለ ላፕቶፕ ስሞች ታሪክ፤ የሚታመን ስም ከምን እንደሚገኝ

ላፕቶፕ ለመግዛት ያሰበ ሰው ሁሉ፣ ተማሪም ቢሆን፣ ነጋዴም ቢሆን፣ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊም ቢሆን፣ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ዐዋቂ ነው ብሎ ወደሚያምነው ወዳጁ ሄዶ አስቀድሞ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም «የትኛው ስም ይታመናል?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ገዥው የዕቃውን ውስጥ ከፍቶ ለማየት አይችልምና፣ ቢያየውም አይለየውምና፣ በክዳኑ ላይ የታተመው ስም ስለማይታየው ነገር ሁሉ ምስክር ሆኖ እንዲቆምለት ይፈልጋል። ነገር ግን የምስክር ቃል ከመታመኑ በፊት የምስክሩ ጠባይ እንደሚመረመር ሁሉ፣ እነዚህ ስሞችም ክብራቸውን በማን ድካም እንዳገኙትና ወደ ማን እጅ እንደ ተላለፉ መመርመር ይገባል። የዚህ ዕቃ ታሪክ ገና ግማሽ ምእት ዓመት ያልሞላው ቢሆንም፣ ስምን ስለ ማፍራትና ስምን ስለ ማጣት የሚሰጠው ትምህርት ብዙ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሐሳቡ ከመሣሪያው ቀድሞ ተወለደ። በ1972 በካሊፎርኒያ፣ በዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማዕከል ይሠራ የነበረው አለን ኬይ፣ ሕፃናት በክንዳቸው ይዘውት የሚዞሩት፣ የሚያነቡበትና የሚጽፉበት ኮምፒዩተር ሊኖር እንደሚገባ አስረድቶ ጻፈ፤ ስሙንም ዳይናቡክ አለው። የዘመኑ ጥበብ ግን ሐሳቡን በእጅ ለመጨበጥ ገና አልደረሰም ነበር። ከ9 ዓመት በኋላ፣ በ1981፣ አዳም ኦስቦርን የተባለ ሰው በስሙ የሰየመውን ተንቀሳቃሽ ኮምፒዩተር በ1,795 ዶላር ለገበያ አቀረበ፤ እርሱም 11 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን፣ የመስታወቱ ስፋት 5 ኢንች ብቻ የሆነና የኤሌክትሪክ ገመድ ካልተሰካለት የማይሠራ ነበረ። ሕዝቡ ተሻምቶ ገዛው፤ ኩባንያው ግን በተመሠረተ በጥቂት ዓመት ውስጥ፣ በ1983፣ ከሰረ። በ1982 ደግሞ እንግሊዛዊው ንድፍ ሠሪ ቢል ሞግሪጅ ለግሪድ ኩባንያ የነደፈው ኮምፓስ የተባለው መሣሪያ ወጣ፤ መስታወቱ በመጻፊያ ሰሌዳው ላይ ታጥፎ የሚከደን፣ ገላው ከማግኒዥየም የተሠራ፣ ዋጋው 8,150 ዶላር የሆነና የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩሮች ይዘውት የወጡት ነበረ። ዛሬ በእጃችን የምንይዘው ላፕቶፕ ሁሉ መልኩን የወረሰው ከዚህ ነው።

ይሁን እንጂ የሕዝብን አመኔታ ለማፍራት የመልክ ማማር አልበቃም፤ ተንቀሳቃሹ ኮምፒዩተር በቢሮ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው ኮምፒዩተር የሚሠራውን ሥራ ሁሉ ያለ ጉድለት መሥራት ነበረበት። ይህን አስቀድሞ ከተረዱት አንዱ በአውሮፓ የቶሺባን የኮምፒዩተር ሽያጭ ይመራ የነበረው ጃፓናዊው አትሱቶሺ ኒሺዳ ነው። በ1985 አስቀድሞ በአውሮፓ የተሸጠው ቶሺባ ቲ1100 ክብደቱ 4 ኪሎ ግራም ያህል፣ በባትሪ የሚሠራ፣ ለአይ ቢ ኤም ኮምፒዩተር የተጻፈውንም ፕሮግራም የሚቀበል ነበረ። ከዚያ በኋላ የቶሺባ ስም በየአገሩ የሚታመን ሆነ፤ በ1990ዎቹም ዓመታት ኩባንያው ከዓለም የላፕቶፕ ነጋዴዎች ግንባር ቀደም ሆኖ ቆየ። በ1989 በጃፓን ላወጣው ቀላል ላፕቶፕ የሰጠው ስም፣ አለን ኬይ ለሐሳቡ የሰጠው ያው ዳይናቡክ የሚለው ስም ነበር።

ከስሞች ሁሉ አመሠራረቱ በጥልቀት ሊጠና የሚገባው ግን በጥቅምት 1992 በአይ ቢ ኤም ኩባንያ የወጣው ቲንክፓድ ነው። መልኩን የነደፈው በሚላኖ ይኖር የነበረው ጀርመናዊው ሪቻርድ ሳፐር ሲሆን፣ አምሳያ ያደረገውም ጃፓናውያን ምሳቸውን የሚቋጥሩበትን፣ ከውጭ ጥቁርና ያልተጌጠ ሆኖ ሲከፈት ብቻ ውስጡን የሚገልጠውን ሣጥን ነው። ውስጡን ያበጁት በጃፓን በያማቶ ቤተ ሙከራ በአሪማሳ ናይቶ መሪነት የሚሠሩት መሐንዲሶች ነበሩ። በመጻፊያ ሰሌዳው መካከል፣ ጂ፣ ኤች እና ቢ በተባሉት ፊደላት መገናኛ ላይ፣ እንደ እርሳስ ላጲስ ያለች ቀይ ቁልፍ ተተከለች፤ እርሷም ቴድ ሴልከር የተባለው ተመራማሪ፣ ጸሐፊ እጁን ከፊደላቱ አንሥቶ ወደ ማውስ ለማድረስ ሦስት ሩብ ሰከንድ ያህል እንደሚያባክን ተገንዝቦ፣ ይህን ብክነት ለማስቀረት የፈለሰፋት ናት። እንዲህ ያለ ጥቃቅን ጥንቃቄ የስም ሁሉ መሠረት ነው፤ የሚገርመው ደግሞ የመሣሪያው መፍረስም አስቀድሞ መታሰቡ ነው። ለቲንክፓድ የተዘጋጀው የጥገና መጽሐፍ እያንዳንዱ ብሎን በየትኛው ቅደም ተከተል እንደሚፈታ፣ የትኛው ክፍል በየትኛው ቁጥር ታዝዞ እንደሚተካ በሥዕል እየገለጸ ያስረዳ ነበርና፣ ከፋብሪካው ብዙ ሺሕ ኪሎ ሜትር ርቆ የሚኖር ጠጋኝ እንኳ ያለ አስተማሪ ሊያድሰው ይችል ነበር። አንድ ዕቃ እንደሚበላሽ አምኖ፣ የሚታደስበትንም መንገድ አብሮ ያዘጋጀ ሠሪ፣ ዕቃዬ ፈጽሞ አይበላሽም ብሎ ከሚምለው ይልቅ ሊታመን ይገባዋል።

ከዚህ በኋላ ስሞቹ ራሳቸው የሚሸጡበትና የሚገዙበት ዘመን መጣ። በ1982 በሂዩስተን በሦስት መሐንዲሶች የተመሠረተውና በመጀመሪያ የሽያጭ ዓመቱ 53,000 ተንቀሳቃሽ ኮምፒዩተሮች የሸጠው ኮምፓክ፣ በ2002 ከኤች ፒ ጋር ተዋሐደ፤ ስሙም ርካሽ በሆኑት ዕቃዎች ላይ ሲታተም ቆይቶ ውሎ አድሮ ቀረ። አይ ቢ ኤም በበኩሉ የግል ኮምፒዩተር ክፍሉን ከዕዳው ጋር በ1.75 ቢሊዮን ዶላር ግምት በ1984 በቤይጂንግ ለተመሠረተው ለሌኖቮ ሸጠ፤ ሽያጩም በግንቦት 2005 ተፈጸመ። በዚያን ጊዜ ብዙ ሰዎች የቲንክፓድ ክብር አበቃለት ብለው ነበር፤ ነገር ግን የያማቶ መሐንዲሶች ከነመሪያቸው ከናይቶ ጋር ወደ አዲሱ ጌታ ተላለፉና የቀደመውን ሥራቸውን ቀጠሉ። ከእነዚህ ከሁለቱ ስሞች ዕድል የምንረዳው፣ ስም ካፈሩት እጆች ጋር ሲሸጥ እንደሚቆይ፣ ከእነርሱ ተለይቶ ሲሸጥ ግን የሚቀረው ጽሕፈቱ ብቻ መሆኑን ነው።

ገዥው ሊያውቀው የሚገባ ሌላም ምሥጢር አለ። በክዳኑ ላይ ስሙ የታተመው ኩባንያ አብዛኛውን ጊዜ ዕቃውን በገዛ እጁ አይሠራውም። ኳንታ፣ ኮምፓል፣ ዊስትሮን፣ ኢንቬንቴክና ፔጋትሮን የተባሉት የታይዋን ኩባንያዎች፣ በታወቁ ስሞች የሚሸጡትን ላፕቶፖች በአብዛኛው በቻይና ባሉት ፋብሪካዎቻቸው ይገጣጥማሉ፤ በገበያ እርስ በርሳቸው የሚፎካከሩ ስሞችም ከአንድ ፋብሪካ በር የሚወጡበት ጊዜ አለ። ባትሪውን፣ መስታወቱንና ማቀነባበሪያውንም እንዲሁ ሌሎች ይሠሩታል። ይህ ነገር ለዓለም ሁሉ የተገለጠው በ2006 ነው። በሶኒ ፋብሪካ በባትሪዎቹ ውስጥ የገቡ ደቃቅ የብረት ብናኞች ባትሪውን እያጋሉ እሳት የሚያስነሡ መሆናቸው ስለ ታወቀ፣ ዴል በነሐሴ ወር 4.1 ሚሊዮን ባትሪ ከገዥዎቹ መልሶ ሰበሰበ፤ ከእርሱም በኋላ አፕል፣ ሌኖቮ፣ ቶሺባና ሌሎችም ተከተሉ። የስሞቹ ልዩነት በክዳኑ ላይ ነበረ፤ የአደጋው ምንጭ ግን አንድ ነበረ።

በ2009 ስኩዌርትሬድ የተባለ የአሜሪካ የዋስትና ድርጅት ከ30,000 የሚበልጡ ላፕቶፖችን መርምሮ ያገኘው ውጤትም ይህንኑ ያጠናክራል። በምርመራው መሠረት በ3 ዓመት ውስጥ ከ100 ላፕቶፕ 31 ያህሉ ይበላሻል፤ ከዚህም ውስጥ 20 ያህሉ በራሱ በዕቃው ጉድለት ሲሆን፣ የቀረው በመውደቅ፣ ውኃ ወይም ቡና በመፍሰስና በመሳሰለው በባለቤቱ እጅ የሚደርስ ነው። በዕቃው ጉድለት ብቻ በተቈጠረው ከሁሉ የተሻለው ስም አሱስ 15.6 በመቶ፣ ከእርሱ ቀጥሎ ቶሺባ 15.7 በመቶ፣ የመጨረሻው ደግሞ 25.6 በመቶ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ በስም መካከል ልዩነት መኖሩ እውነት ነው፤ ሆኖም ከሁሉ የተመሰገነው ስም እንኳ ከ6 ገዥዎች ለአንዱ ያህል አልታመነለትም።

በዚያ ምርመራ በሁለተኛ ማዕረግ የተቀመጠው የቶሺባ መጨረሻም ሊታወስ ይገባል። በ2015 ገለልተኛ መርማሪዎች ኩባንያው ለተከታታይ ዓመታት ትርፉን ከ1.2 ቢሊዮን ዶላር በላይ አጋንኖ መዝግቦ እንደ ነበር ገለጹ፤ ከተጋነነውም ትርፍ አንዱ ክፍል የላፕቶፕ ዕቃዎችን ለገጣጣሚዎቹ ሸጦ መልሶ በመግዛት የተገኘ ነበር። በዚያን ጊዜ ከኃላፊነታቸው ከለቀቁት ሹማምንት አንዱ፣ ከ30 ዓመት በፊት ቲ1100ን በአውሮፓ ያስተዋወቀው ኒሺዳ ነው። በ2018 ቶሺባ ከላፕቶፕ ክፍሉ 80.1 በመቶውን በ4 ቢሊዮን የን ያህል ለሻርፕ ሸጠ፤ በ2019 የክፍሉ ስም ዳይናቡክ ተባለ፤ በ2020 ደግሞ የቀረውን ድርሻ አስተላልፎ 35 ዓመት ከቆየበት ንግድ ፈጽሞ ወጣ። በጥሩ መሐንዲሶች ድካም የተገኘ ስም በሒሳብ መዝገብ ሐሰት ሊዋረድ መቻሉን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም።

ይህ ታሪክ ለእኛም ለኢትዮጵያውያን የቅርብ ጉዳይ ነው። በአዲስ አበባ ገበያ የሚሸጠው ላፕቶፕ ብዙው ከዱባይ፣ ከአሜሪካና ከአውሮፓ ያገለገለ ሆኖ የሚመጣ ነው፤ በባሕር ማዶ የሚኖሩ ዘመዶቻችንም ለእኅት ወንድሞቻቸው በሻንጣቸው ይዘውት ይመጣሉ። ሻጩም ሆነ ገዥው «ኦርጅናል ዴል ነው»፣ «ኦርጅናል ኤች ፒ ነው» ብሎ በስሙ ይስማማል። ሆኖም አንዱ ስም በውስጡ ሁለት ወገን አለው። ዴል እስከ 2025 ድረስ ለመሥሪያ ቤቶች ላቲቲዩድን፣ ለቤት ገዥ ኢንስፓይሮንን ይሸጥ ነበር፤ ኤች ፒ እንዲሁ ኤሊትቡክንና ፓቪሊዮንን ሲሸጥ ቆይቷል፤ ሌኖቮም ቲንክፓድንና አይዲያፓድን ይሸጣል። የመሥሪያ ቤቱ ወገን ብዙ ጊዜ ማጠፊያው የጸና፣ ገላው የጠነከረ፣ መለዋወጫውም በቀላሉ የሚገኝ ነው፤ ምክንያቱም በአንድ ጊዜ ብዙ ሺሕ የሚገዛ መሥሪያ ቤት የሚበላሽ ዕቃ ሲደርሰው ዝም አይልም። ስለዚህ የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ 3 ወይም 4 ዓመት ካገለገለ በኋላ እንኳ፣ በተመሳሳይ ዋጋ ከሚሸጠው ርካሽ አዲስ ዕቃ ሊበልጥ ይችላል።

አንባቢ ሆይ፣ እንግዲህ በስሙ ላይ ብቻ አትቁም፤ ወገኑን ጠይቅ። ማጠፊያውን ብዙ ጊዜ ከፍተህ ዝጋ፤ ፊደላቱን አንድ በአንድ ተጫን፤ ቻርጀሩን ነቅለህ ባትሪው ምን ያህል እንደሚቆይ ሻጩ ፊት ጠብቅ፤ ራሙና ሃርድ ዲስኩ የሚለወጥ ወይም በማዘር ቦርዱ ላይ የተበየደ መሆኑን አስከፍተህ እይ፤ የጥገና መጽሐፉ መኖሩን፣ መለዋወጫውም በምትኖርበት ከተማ መገኘቱን አረጋግጥ። ይህን ሁሉ ያለፈ ዕቃ በክዳኑ ላይ የማንም ስም ቢታተም ግዛው፤ ይህን ያላለፈውን ግን ስሙ የቱንም ያህል የከበረ ቢሆን ለሻጩ መልስለት።