ፓምፕ ከመላካችሁ በፊት

ወገኖቼ፣ አገር ቤት ያለች መኪና ጠዋት አልነሳም ካለች ወዲያው «ፓምፕ ላኩ» ይባላል። እስቲ ታሪኩን እንየው።

የአዲስ አበባዋ ሰማያዊና ነጭ ላዳ ካርቡራተር ነበራት፤ ፓምፗ በሞተሩ ጉልበት ይሠራል፣ የነዳጁም ግፊት ትንሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ቦሽ በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ ኢንጀክሽን ለቮልስዋገን 1600 ሠራ። የኤሌክትሪክ ፓምፑ ነዳጁን በ2 ባር ገደማ ይገፋ ጀመር፤ በኋላ ብዙዎቹ መኪኖች 3 ባር አካባቢ ደረሱ። ይህን ግፊት በጆሮ መገመት አይቻልም፤ ጌጅ ያስፈልጋል።

ሞተሩ ሲጠፋ ግፊቱ ቶሎ ከወረደ ተጠርጣሪዎቹ ሦስት ናቸው፦ ነዳጅ ወደ ታንከሩ እንዳይመለስ የሚያግደው የፓምፑ ቫልቭ፣ ሬጉሌተሩ፣ ወይም የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር። ከሬጉሌተሩ ጋር በተያያዘችው ቀጭን የአየር ጎማ ውስጥ ቤንዚን ከተገኘ ጥፋተኛው ሬጉሌተሩ ነው። ሞተሩ እየሠራም ግፊቱ ዝቅ ካለ፣ ከፓምፑ በፊት ፊልትሮው ይታይ።

እኛ ኦስሎ ያለን ታክሲ ነጂዎች ከኖቬምበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ጭስ አልባ መኪና ግዴታችን ሆኗል። በዚያው ዓመት ኢትዮጵያም በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከለከለች። ስለዚህ አገር ቤት ያለችው አሮጌ መኪና ገና ብዙ ዓመት ልታገለግል ነው። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት «በጌጅ ተለክቷል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።