ዳዊት በባዕድ አገር

መዝሙር 136 የስደተኛ መዝሙር ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው መቶ ዓመት ኢየሩሳሌም በባቢሎን ከወደመች በኋላ የተማረኩት ሰዎች፣ ማራኪዎቻቸው ከአገራቸው ዜማ እንዲያሰሟቸው ቢጠይቋቸው የዜማ መሣሪያቸውን በዛፍ ላይ ሰቅለው ዝም አሉ። እንግዲህ ጥያቄው የእኛም ነው፤ በሰው አገር መዘመር ይገባል ወይስ አይገባም? የአገራችን ታሪክ የሰጠውን መልስ እንመልከት።

ይህ መዝሙር በሌሎች መጽሐፍ ቅዱሶች 137ኛ ሆኖ ይገኛል። የእኛ ቍጥር የተለየበት ምክንያት፣ የግእዙ ዳዊት በአክሱም ዘመን ከግሪክኛ ስለ ተተረጐመና የግሪኩን አቈጣጠር ስለ ተከተለ ነው። አባቶች ዳዊትን በሳምንቱ ቀኖች ከፍለው ይደግሙታል፤ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ እስከ 60፣ ረቡዕ እስከ 80፣ ሐሙስ እስከ 110፣ ዓርብ እስከ 130፣ ቅዳሜ እስከ 150። ስለዚህ የምርኮኞቹ መዝሙር የሚደርሰው ቅዳሜ ነው። በየኔታ ዘንድ ከፊደል የተነሣ ልጅ ዳዊት ሲደግም ማንበብን እንደ ጨረሰ ይቈጠር ነበር። ዳዊት ጸሎትም ትምህርት ቤትም ነበረ ማለት ነው።

ወደ ስደቱ እንመለስ። በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ኢትዮጵያውያን መነኰሳት ሮም ደርሰው፣ በቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ዐርፈው በግእዝ ይዘምሩ ነበር። ዮሐንስ ፖትከን የሚባል ጀርመናዊ ቄስ ዜማቸውን ሰማ። ቋንቋውን ባያውቅም የማርያምንና የሐዋርያትን ስም ከመካከሉ ለየ። ከዚያም ከኢየሩሳሌም ከመጣው መነኵሴ ከአባ ቶማስ ወልደ ሳሙኤል ቋንቋውን ተምሮ፣ በ1513 እ.ኤ.አ. ዳዊትን በሮም አሳተመ። ግእዙን ‹‹ከለዳዊ›› ብሎ መጥራቱ ስሕተት ነበረ፤ ሥራው ግን ትልቅ ነው። በግእዝ ፊደል በማተሚያ የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ ይህ ነው። ልብ በሉ! የግእዝ ኅትመት የተወለደው በአገር ቤት ሳይሆን በባዕድ ከተማ፣ ከእንግዶች አፍ በወጣ ዜማ ምክንያት ነው። መነኰሳቱ አገራችን አይደለም ብለው ዝም ቢሉ ኖሮ ፖትከን ምን ይሰማ ነበር?

ከዚያም የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ በ1652 እ.ኤ.አ. ወደ ጀርመን ተጕዞ ሂዮብ ሉዶልፍን አስተማረ። ሉዶልፍም በ1701 ዳዊትን በፍራንክፈርት አሳተመ። አባ ጎርጎርዮስ ግን ይህን አላየም፤ በ1658 ወደ አገሩ ሲመለስ መርከቡ ተሰብሮ ባሕር በላው።

ምርኮኞቹ የሰቀሉትን መሣሪያ የእኛ ሰው በበገና ያስበዋል። በገና አሥር አውታር አለው፤ አውታሩም ከበግ አንጀት ይሠራል። ድምፁ ዝቅ ብሎ የሚነዝር ነውና ለጭፈራ አይስማማም፤ ይልቁንም በዐቢይ ጾም ለንስሐና ለተመስጦ ይደረደራል። መምህር ከደቀ መዝሙር ያልተገናኘ እንደ ሆነ ሙያው ይሞታል። አለሙ አጋ በእንጦጦ ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል እጅ ተምሮ፣ በኋላ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አስተማረ። ሰንሰለቱ የሚቀጥለው እንዲህ ነው።

ካምፓላ ውስጥ ኪቡሊ በምትባለው ኮረብታ ላይ፣ ልዑል ባድሩ ካኩንጉሉ በሰጡት መሬት የተሠራ ታላቅ መስጊድ አለ። በዚያ ሰፈር ዳዊቱን የሚደግም ሰው አዛን እየሰማ ይደግማል። ይህም ባዕድነት አይደለም፤ ቁርኣን ለነቢዩ ዳውድ ዘቡር እንደ ተሰጠው ይናገራልና። እስላሙም ክርስቲያኑም ወገናችን የዳዊትን ስም በክብር ይጠራል።

እንግዲህ መልሱ ይህ ነው። የባቢሎን ምርኮኞች ዝምታ እውነተኛ ሐዘን ነበረ፤ ማንም አይነቅፈውም። ነገር ግን ዝም ማለታቸውን የምናውቀው ያንኑ ዝምታ መዝሙር ስላደረጉት ነው። ማተሚያ የለንም፤ ይህንም ወረቀት በእጃችን እንጽፈዋለን። ዳዊትም ከሮም በፊት ብዙ መቶ ዓመት በእጅ ተጽፎ ኖሯል። ስለዚህ ዳዊት የደገማችሁ አረጋውያን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ልጅ አጠገባችሁ አስቀምጡ።