የጎረቤት ሽማግሌ፦ የአፍሪካ አገሮች ማኅበርና የሰው ልጅ መብት

 

በእኛ አገር ደም ሲፈስ የዘወልድ ሽማግሌዎች ይገባሉ። ገዳይንና የሟችን ወገን ያስታርቃሉ። ነገር ግን ሰውየው በገዛ ቤቱ ሚስቱን ሲደበድብ ጎረቤቱ ምን ይላል? «የሰው ቤት ነገር ምን አገባኝ» ይላል። አገሮችም ለብዙ ዘመን እንዲሁ ነበሩ። የዛሬው ንግግራችን አገሮች ይህን ልማድ እንዴት ቀስ በቀስ እንደተዉት ነው። ገና ጨርሰው አልተዉትም።

ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የ32 ነጻ አገሮች መንግሥታት በአዲስ አበባ የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን አቋቋሙ። ትልቁ ዓላማቸው በቅኝ ግዛት ያሉት አገሮች ነጻ እንዲወጡ፣ በደቡብ አፍሪካም ጥቁር ሕዝብ በቆዳው ቀለም እንዳይረገጥ መታገል ነበር። በዚህ በኩል ድርጅቱ ብዙ ሠርቷል። ግን በመተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ አንድ ሕግ ነበረ። ይኸውም «አንዱ አገር በሌላው አገር የውስጥ ጉዳይ አይግባ» የሚል ነው። ሕጉ የተጻፈው ትልቁ አገር ትንሹን እንዳይውጠው ነው። ሆኖም ለጨካኝ ገዥ ጥሩ መደበቂያ ሆነ።

ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በግንቦት 1965 ዓ.ም. ድርጅቱ 10ኛ ዓመቱን በአዲስ አበባ አከበረ። መሪዎቹ ተሰበሰቡ፣ ግብር ተበላ። በዚያው ወቅት ወሎ በረሃብ ይረግፍ ነበር። የራያ ሰው ከብቱ አልቆ፣ ልጁን አዝሎ፣ በመኪናው መንገድ ዳር ተቀምጦ እህል ይጠብቅ ነበር። መንግሥት ነገሩን ደበቀ። እንግዶቹም አልጠየቁም። ከእናንተ መካከል ያን ዘመን በዓይናችሁ ያያችሁ አላችሁ፤ እናንተ ከእኔ የበለጠ ታውቁታላችሁ።

በ1967 ዓ.ም. ደግሞ ሕዝቡን ይገድል የነበረው የኡጋንዳው ኢዲ አሚን የዚሁ ድርጅት ሊቀ መንበር ሆነ። የታንዛኒያው ፕሬዝዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ ካምፓላ ወደተደረገው ስብሰባ አንሄድም አሉ። ብዙዎቹ ግን ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ መለወጥ የጀመረው። ሴኔጋላዊው ዳኛ ኬባ ምባዬና ሌሎች የሕግ አዋቂዎች አንድ ቻርተር አረቀቁ። ቻርተር ማለት አገሮች ተስማምተው የሚፈርሙት የቃል ኪዳን ጽሑፍ ነው። መሪዎቹ በሰኔ 1973 ዓ.ም. ናይሮቢ ላይ ተቀበሉት። «የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ቻርተር» ይባላል። ሰው ያለ ፍርድ እንዳይታሰር፣ እንዳይሰቃይ፣ ክብሩ እንዲጠበቅ ያዛል። በሥራ ላይ የዋለው በጥቅምት 1979 ዓ.ም. ነው። የሚከታተለው ኮሚሽን መቀመጫው በጋምቢያ ዋና ከተማ በባንጁል ነው። ኢትዮጵያ ቻርተሩን ያጸደቀችው በ1990 ዓ.ም. ነው።

«ታዲያ ይህ ለእኔ ምን ይፈይዳል?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። እስቲ አንድ ጉዳይ ልንገራችሁ።

በ1993 ዓ.ም. በአርሲ አንዲት የ13 ዓመት ልጃገረድ ተጠለፈች፣ ተደፈረች። ፖሊስ አስጣላት። ጠላፊው ግን በዋስ ተለቀቀና እንደገና ጠለፋት፤ በግድም የጋብቻ ውል አስፈረማት። በዚያን ጊዜ በሥራ ላይ የነበረው የ1949ኙ የወንጀል ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከክስ ያድነው ነበር። ልጅቱ አምልጣ ከሰሰች። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት በጠላፊው ላይ 10 ዓመት ፈረደ። የይግባኙ ፍርድ ቤት ግን ፍርዱን ሽሮ ፈታው። ልጅቱ በአገር ውስጥ የምታንኳኳው በር አለቀ።

ያን ጊዜ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና ኢኳሊቲ ናው የተባለ ድርጅት ጉዳዩን ለባንጁሉ ኮሚሽን አቀረቡ። ነገሩ ዓመታት ፈጀ። በ2008 ዓ.ም. ኮሚሽኑ ኢትዮጵያ የልጅቱን ክብርና ነጻነት፣ በሕግም የመጠበቅ መብቷን አላስከበረችም ብሎ ወሰነ። 150 ሺህ ዶላር ካሳ እንዲከፈላት ጠየቀ። ልብ በሉ፦ ኮሚሽኑ ያየው የጠላፊውን ጥፋት ሳይሆን የመንግሥትን ጥፋት ነው። ጠላፊን ከክስ የሚያድነው የድሮ ሕግ ግን ከዚያ አስቀድሞ፣ ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ቀርቷል። ይህን ያስቀሩት የእኛው አገር ሴቶች ናቸው፤ ጮኸው፣ ተከራክረው።

ኮሚሽኑ ፖሊስ የለውም፤ እስር ቤትም የለውም። እንደ ሽማግሌ ይናገራል፤ መስማት የመንግሥት ፈንታ ነው። በ1986 ዓ.ም. ሩዋንዳ ውስጥ ያ ሁሉ ሕዝብ ሲታረድ ቻርተሩ በሥራ ላይ ነበር፤ አላዳናቸውም። ከዚያ ጥፋት በኋላ በ1994 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአፍሪካ ኅብረት ሲተካ፣ የዘር ፍጅት፣ የጦር ወንጀልና በሰብአዊነት ላይ የሚፈጸም ወንጀል ሲደርስ ኅብረቱ ጣልቃ ሊገባ ይችላል የሚል ቃል በሕጉ ተጻፈ። እኛም ጦርነቱ ቆቦን ሲያዳርስ የኅብረቱን ሥራ በቅርብ አይተናል፦ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው አለቀ፤ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በኅብረቱ ሸምጋይነት በፕሪቶሪያ ስምምነት ተፈረመ። ዘግይቶ ነበር፤ ቢሆንም ተፈረመ።

አሁን ታንዛኒያ ውስጥ በአሩሻ የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ፍርድ ቤት አለ። ውሳኔው ከኮሚሽኑ ይጠብቃል፤ አገሮችን ያስገድዳል። ኢትዮጵያ ፍርድ ቤቱ የተቋቋመበትን ስምምነት በ1990 ዓ.ም. ፈረመች እንጂ አላጸደቀችውም። ስለዚህ የሮቢት ሰው ተበድሎ በአገሩ ፍርድ ቤቶች ሁሉ ዞሮ ፍትሕ ቢያጣ፣ ደብዳቤ መጻፍ የሚችለው ለባንጁል ነው። ደብዳቤውን ጠበቃ ሊጽፍለት ይችላል፤ ፊደል ከቆጠረ ደግሞ ራሱ።