ከሸክላ እጀታ እስከ ተመሰጠረ ቅጂ

የዛሬው ጥያቄዬ ትንሽ ይመስላል። ፋይሎችን ጠቅልሎ፣ መስጥሮ፣ ለመጠባበቂያ እንዲሆኑ በኢሜይል ወደ ሌላ ቦታ የሚልክ ሶፍትዌር ፓተንት ይገባዋልን? ሦስቱም ሥራዎች ለየብቻቸው የታወቁ ናቸው፤ ክርክሩ የሚነሣው በመጋጠማቸው ላይ ነው።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን መሰሉን ጥያቄ የመረመረው በበር እጀታ ምክንያት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1851 በሆችኪስና በግሪንዉድ ክርክር፣ ከብረት ወይም ከእንጨት ይሠራ የነበረውን እጀታ ከሸክላ መሥራት የጎበዝ የእጅ ባለሙያ ሥራ እንጂ የፈልሳፊ ሥራ አይደለም ብሎ ወሰነ። የ1952ቱ ሕግ በበኩሉ በአንቀጽ 103 አዲሱ ነገር በሙያው መደበኛ ችሎታ ላለው ሰው ግልጽ ከነበረ ፓተንት እንዳይሰጠው ደነገገ።

እንግዲህ የፕሮግራም ጸሐፊ መደበኛ ችሎታ ምንድን ነው? እኔ መልሱን የምፈልገው ከሕግ መጻሕፍት ይልቅ በዩኒክስ ታሪክ ውስጥ ነው። በ1973 በቤል ላብራቶሪ አንዱ ፕሮግራም ያወጣውን ሌላው እንዲቀበል የሚያደርገው «ፓይፕ» በሥርዓቱ ላይ ተጨመረ። ፋይሎችን የሚጠቀልለው «ታር» በ1979 ወጣ፤ በ1980 ደግሞ «ዩዩኢንኮድ» ጽሑፍ ብቻ በሚያሳልፍ የኢሜይል መስመር ማናቸውንም ፋይል ለመላክ አስቻለ። የመመስጠሪያ ትእዛዝም ነበር። እነዚህን በአንድ መስመር ማያያዝ ለዚህ ሙያ ሰው የዕለት ተግባር ነው፤ ስለዚህም በጆርናል ላይ አያትመውም። የፓተንት መርማሪ ግን የሚፈልገው የተጻፈ ማስረጃ ነው።

ክፍተቱ ሰፊ ነበር። የፓተንት ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት፣ የታወቁ ነገሮችን ለማጋጠም የሚያነሣሣ ምክንያት እንዲታይ ይጠይቅ ነበርና። በ2007 በኬኤስአር ጉዳይ፣ በአንድ የመኪና ነዳጅ መርገጫ ላይ በተነሣ ክርክር፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን መለኪያ እንደ ግትር ሕግ መያዝ ስሕተት ነው አለ፤ መደበኛ ባለሙያም መደበኛ የፈጠራ ችሎታ አለው፣ ማሽን አይደለም።

በፍርዱ እስማማለሁ። ሆኖም ከሆነ በኋላ ሁሉ ቀላል መስሎ ይታያል። ዲፊና ሄልማን በ1976 የይፋ ቁልፍ ምስጠራን ሐሳብ ካተሙ በኋላ እንኳ ሪቬስት፣ ሻሚርና አድልማን አርኤስኤን ያገኙት ከብዙ ያልተሳካ ሙከራ በኋላ ነው፤ ፓተንቱም በ1983 ተሰጠ። በ1997 ደግሞ ክሊፎርድ ኮክስ የተባለ እንግሊዛዊ የሒሳብ ሊቅ ተመሳሳዩን ዘዴ በመንግሥት የምስጢር መሥሪያ ቤት ውስጥ በ1973 እንዳገኘው ይፋ ሆነ። አንድን ነገር ሁለት ወገኖች ሳይተዋወቁ ካገኙት ግልጽ ነበር ማለት ነውን? የኮክስ ሥራ ምስጢር ስለ ነበረ የአሜሪካን ፓተንት አልነካውም።