ዘነበወርቅ፦ ከልዕልቷ ስም እስከ ታክሲ ፌርማታ

ወደ አየር ጤና የሚያልፍ ታክሲ ረዳት «ዘነበወርቅ! ዘነበወርቅ!» እያለ ሲጣራ የአንዲት ወጣት ሟች ስም እየጠራ መሆኑ ትዝ አይለው ይሆናል። ተሳፋሪውም ቢሆን «ወራጅ አለ!» ብሎ ከመውረድ በቀር ዘነበወርቅ ማን ነበረች ብሎ የሚጠይቅበት ምክንያት የለውም። በአዲስ አበባ ደቡብ ምዕራብ የሚገኘው ይህ ሠፈር ስሙን ያገኘው ከአንድ ሆስፒታል ነው። ሆስፒታሉ ደግሞ ስሙን ያገኘው ሕክምና ከማትሠራ፣ በሽታውም ካልነካት፣ ዕድሜዋም ሃያ ካልሞላ ልጅ ነው።

ልዕልት ዘነበወርቅ ሐምሌ 1909 ዓ.ም. የተወለዱ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና የእቴጌ መነን ልጅ ናቸው። በ1924 ዓ.ም. ለደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሣ ተዳሩ። ሙሽራው የራስ ጉግሣ አርአያ ሥላሴ ልጅ፣ የአፄ ዮሐንስ 4ኛ የልጅ ልጅ ልጅ ነበሩ። በዚያው ዓመት አልጋ ወራሹ አስፋ ወሰን የራስ ሥዩም መንገሻን ልጅ አገቡ። ንጉሠ ነገሥቱ በሁለት ጋብቻ ሁለቱን የትግራይ ቤቶች ወደ ዙፋናቸው ያቀረቡበት ዓመት ነው ማለት ይቻላል። የልጅቷ ጋብቻ ግን ሁለት ዓመት እንኳ ሳይደፍን በራሳቸው በልዕልቷ ሞት ፈረሰ። አስከሬናቸው ከመቀሌ ወደ አዲስ አበባ እንዲመጣ ንጉሠ ነገሥቱ አዘዙ፤ በአማቾቹና በቤተ መንግሥቱ መካከልም ቅሬታ ቀረ። ደጃዝማቹ በ1928 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ከጣሊያን ጋር ጦርነቱ እንደተከፈተ፣ ወደ ጣሊያኖች ወገን ገቡ።

በዚሁ ዘመን፣ በ1920ዎቹ አጋማሽ፣ ከከተማው ወጣ ባለ ሜዳ ላይ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ማቆያ ተቋቁሞ ነበር። ሥራውን የጀመሩት የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ሚሲዮናውያን ሲሆኑ፣ መሪያቸው ሐኪሙ ዶክተር ቶማስ ላምቢ ነበር። ማቆያው እያደገ ሆስፒታል ሲሆን በሟቿ ልዕልት መታሰቢያነት ተሰየመ። ንጉሣዊ ስም የተሰጠው ከተማው ሊያየው ለማይፈልገው ቤት ነበር።

ያ አለመፈለግ በቋንቋው ውስጥ ተቀብሮ ይገኛል። «ሥጋ ደዌ» የዛሬው የጨዋ ስም ነው። ሕዝቡ የሚያውቀው ቁምጥናን ነው፤ ታማሚውንም የሚጠራው በስድብ ነበር። «ቆማጣን ቆማጣ ካላሉት ገብቶ ይፈተፍታል» የሚለው ተረት ዛሬ ሌላውን ለመገሠጽ ይነገራል እንጂ መነሻው መሶብ ነው። በአንድ ትሪ፣ በእጅ በሚበላበት አገር ከመሶቡ መራቅ ከሰው መራቅ ነው። በዚህ ላይ በሽታው በዘር ይተላለፋል የሚለው እምነት ሲታከል፣ መገለሉ ከታማሚው አልፎ ልጆቹን፣ የሚዳሩትንም እህቶቹን ያጠቃ ነበር።

በዘር እንደማይመጣ ግን ኖርዌጂያዊው ሐኪም ጌርሃርድ አርማወር ሐንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 ባክቴሪያውን ባገኘ ጊዜ ታውቋል። ጣት የሚያሳጥረውም በሽታው ራሱ አይደለም። ባክቴሪያው ነርቭን ያደነዝዛል፤ የደነዘዘ እጅ የጋለ ድስት ሲይዝ አይሰማውም፣ የደነዘዘ እግር ምስማር ሲረግጥ አያመውም። ቁስሉ ሳይታወቅ ይመረቅዛል፣ አጥንትም ይበላል። በህንድ ቬሎር ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም ፖል ብራንድ ለዓለም ያስረዳው ይህንን ነው፤ የተጣመመን እጅ ጅማት በማዛወር የሚያቃናውን ቀዶ ሕክምናም ያስፋፋው እርሱ ነው። በዘነበወርቅ ግቢ ውስጥ የጫማ መሥሪያ መኖሩ ለዚህ ነው። ለደነዘዘ እግር ለስላሳ ጫማ መድኃኒት ነው።

ወደዚያ ግቢ ሰዎች ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሸዋ ገጠሮች በእግር መጡ። ሊታከሙ መጡ እንጂ ሊቀሩ አልመጡም ነበር። ነገር ግን ዳፕሶን በሚባለው ኪኒን ዘመን ሕክምናው ዓመታት ይፈጅ ነበር፣ ለብዙዎችም የዕድሜ ልክ ነበር። ሐኪሙ «ተመለስ» ቢላቸውም የትውልድ መንደራቸው አይቀበላቸውም። ስለዚህ ከግቢው አጥር ውጭ ጎጆ ቀለሱ፣ እርስ በርስ ተጋቡ፣ ወለዱ። ከልመና ሌላ ፈትልና ጥልፍ መተዳደሪያ ሆነ። የታመሙና የተሻላቸው ሴቶች የሚጠልፏቸውን ጨርቆች ለመግዛት እስከዚያ ድረስ የሚሄዱ የውጭ ጎብኚዎች ነበሩ።

የሠፈሩ ቤተ ክርስቲያን የጻድቁ ገብረ ክርስቶስ ነው። ይህ ምርጫ ድንገተኛ አይመስልም። በስንክሳሩ መሠረት ገብረ ክርስቶስ የቁስጥንጥንያው ንጉሥ ልጅ ሲሆን፣ በሠርጉ ሌሊት ቤቱን ጥሎ ወጥቶ መልኩ እንዲጠፋና ሕመምተኛ እንዲሆን ለመነ። የገዛ አባቱ ደጅ ላይ እንደ ለማኝ ተኝቶ ማንም ሳያውቀው ኖረ። ሕሙማኑ «ስለ ገብረ ክርስቶስ» ብለው ሲለምኑ የሚጠሩት የእነርሱን ሥጋ የለበሰ የንጉሥ ልጅ ነው። ጥቅምት 14 የሚከበረው በዓሉ በዚህ ሠፈር ከሌላው ቦታ የበለጠ ትርጉም አለው። ሠፈሩ በንጉሥ ልጅ ስም ተጠርቶ፣ በሌላ የንጉሥ ልጅ ስም ይጸልያል።

ታኅሣሥ 1958 ዓ.ም. የሆስፒታሉ መዝገብ ስም ተለወጠ። የኢትዮጵያ መንግሥት፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲና ዓለም አቀፍ ድርጅቶች በጋራ የአፍሪካ የሥጋ ደዌ ማገገሚያና ማሠልጠኛ ማዕከልን መሠረቱ፤ በእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃሉ «አለርት» ተባለ። ከመላ አፍሪካ የመጡ ሐኪሞችና ነርሶች እዚያ ሠለጠኑ። በ1962 ዓ.ም. ደግሞ በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች ድጋፍ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት በዚያው ግቢ ተከፈተ። ባክቴሪያው ዳፕሶንን እየተላመደ መምጣቱ በአዲስ አበባም ታየ፤ በ1970ዎቹ መድኃኒቶችን በአንድነት የሚሰጠው ሕክምና ሲጀመር የዕድሜ ልክ የነበረው ጊዜው የተወሰነ ሆነ፤ በኋላም በ6 ወይም በ12 ወር የሚያልቅ ሆነ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኢትዮጵያ በሽታውን በአገር ደረጃ ከ10 ሺህ ሰው ከ1 በታች አወረደችው። አዲስ ታማሚዎች ግን ዛሬም በየዓመቱ በሺዎች ይመዘገባሉ።

አለርት የሚለው ስም በበሩ ላይ ተጻፈ፤ ሠፈሩ ግን ዘነበወርቅን አልለቀቀም። ይህ ምን ያህል ያልተለመደ ዕድል እንደሆነ የሚታወቀው የልዕልቷን ታናሽ እህት ስናስታውስ ነው።

ልዕልት ፀሐይ በጣሊያን ወረራ ዘመን በስደት ሳሉ በለንደኑ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምረው ተመረቁ። ከስደት ተመልሰው ሥራ በጀመሩ በአጭር ጊዜ ውስጥ፣ ነሐሴ 1934 ዓ.ም.፣ ነቀምት ላይ ከወሊድ ጋር በተያያዘ ችግር አረፉ። እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክኸርስት ባሰባሰቡት ገንዘብ የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ተሠራ። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ስሙ ተፋቀ፤ ሆስፒታሉ የጦር ኃይሎች ሆነ፣ ሠፈሩም ዛሬ ጦር ኃይሎች ይባላል። የወንድማቸው የልዑል መኮንን መታሰቢያም እንዲሁ ጥቁር አንበሳ ተብሏል። ነርሷ ልዕልት ከከተማው ካርታ ወጡ፣ ነጭ ልብስ ለብሰው የማያውቁት እህታቸው ቀሩ። ምክንያቱ ቀላል ሊሆን ይችላል፤ አብዮቱ ሲመጣ ሰሌዳው ላይ አለርት ይል ስለነበር የሚፋቅ የንጉሥ ልጅ ስም አልተገኘም። ስሙ የተረፈው በሰው አፍ ውስጥ ነበር።

ከዘነበወርቅ አጠገብ ሌላ ስም አለ፦ ቆሼ። የከተማው ቆሻሻ ከ50 ዓመት በላይ የተከመረበት ስፍራ ነው። ከተማው ሊያየው የማይፈልገውን ሰውና ሊያየው የማይፈልገውን ጥራጊ በአንድ አቅጣጫ አኑሮ ነበር። ከክምሩ ብረትና ፕላስቲክ እየለቀሙ የሚኖሩ ቤተሰቦች ከሥሩ ሠፈሩ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ገደለ። በዚያ ሌሊትና ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት በዜናው የተጠራው ቆሼ ነበር።

ዛሬ ከተማው ሁለቱንም አልፏቸው ርቋል። ጫካ የነበረው ዳር ኮንዶሚኒየምና ቀለበት መንገድ ሆኗል። አለርት የአጥንት ስብራት፣ የዓይን፣ የቆዳ ታካሚ ሲያስተናግድ ይውላል፤ ከመኪና አደጋ የተረፈ ወጣት እናቱ በአንድ ወቅት ስሙን ሊጠሩት ይፈሩ በነበረው ግቢ አልጋ ላይ ይተኛል። በበሩ አካባቢ የጣቶቹን ቁራጭ በነጠላ ሸፍኖ የሚቀመጥ አዛውንት ዛሬም አይጠፋም። ረዳቱ ከታክሲው መስኮት አንገቱን አውጥቶ «ዘነበወርቅ፣ አለርት በር!» ይላል፤ ሁለቱንም ስም በአንድ ትንፋሽ፣ በአንድ ሒሳብ።