የአማርኛ ልብ ወለድ መጻፊያዎች፦ ከብዕር እስከ ኮምፒውተር

የአማርኛ ልብ ወለድ የተወለደው በብዕር ነው። የዘጌው ተወላጅ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በኋላ «ጦቢያ» የተባለውን «ልብ ወለድ ታሪክ» በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ አሳተሙ። የበዛብህንና የሰብለወንጌልን ፍቅር የሚተርከው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲወጣ፣ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና አገር ውስጥ ገብቶ ነበር።

መኪናው ለፊደሉ ጠባብ ነበር። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሰባት ቅርጽ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹና አኃዞቹ ሲጨመሩ ደግሞ ይበልጣሉ። መኪናው ግን ከሃምሳ የማይበልጡ ቁልፎች ነበሩት። ኢንጂነር አያና ብሩ መላ የፈለጉት ለዚሁ ችግር ነው፦ መነሻው ፊደል ይመታል፣ የአናባቢው ምልክት ለብቻው ይቀጠልበታል። ስለዚህ አንድ ፊደል ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ሁለት ምት ያስፈልግ ነበር፤ የፊደሉም መልክ ይዛባል። ረጅም የፍቅር ታሪክ ለሚጽፍ ሰው ይህ ከባድ ድካም ነው።

ኮምፒውተር ሲመጣ ችግሩ መልኩን ቀየረ። የቀድሞ ፎንቶች 256 ቦታ ብቻ ስለነበራቸው ፊደሉ ተከፋፍሎ ይቀመጥ ነበር። ይባስ ብሎ እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱን ኮድ ይጠቀም ነበር፤ በአንዱ የተጻፈ ምዕራፍ ሌላ ማሽን ላይ ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆን ነበር። ለደራሲ የሚያስከፋው ይህ ነበር፤ የተለፋበት ጽሑፍ እንደገና ይተየብ ነበርና። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲካተት ለሁሉም ማሽን የሚሆን አንድ ኮድ ተገኘ።