ያልተመዘገበ የቤት ሽያጭና የፍርድ ባለመብት

ያልተመዘገበ የቤት ሽያጭ የሚባለው ገዢው ዋጋውን ከፍሎ ቤቱን ቢረከብም ስሙ በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ያልገባበት ሽያጭ ነው። በዚህ መካከል በሻጩ ላይ ገንዘብ የተፈረደለት ሰው ያንኑ ቤት በአፈጻጸም ሲያስይዝ በአንድ ቤት ላይ ሁለት ባለመብት ነን ባዮች ይነሳሉ።

በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች የገንዘብ ፍርድ በመዝገብ ሲሰፍር በባለዕዳው ንብረት ላይ መያዣ ይሆናል። በኢትዮጵያ ግን ፍርዱ ብቻውን በቤቱ ላይ መብት አይሰጥም፤ ባለመብቱ ቤቱን ለይቶ ማስያዝ ይኖርበታል። ፍርድ ቤትም በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 3044 መያዣ ሊሰጠው ይችላል። ይህም ቢሆን በቁጥር 3052 መሠረት ከተመዘገበበት ቀን በፊት ውጤት የለውም።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለገዢው ሁለት የተለያዩ ምዝገባዎችን ይጠይቃል፤ ብዙ ገዢ የሚሰናከለውም እዚህ ላይ ነው። በቁጥር 1723 ውሉ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት ይመዘገባል። ባለቤትነት የሚተላለፈው ግን በቁጥር 1185 መሠረት ቤቱ ባለበት ቦታ መዝገብ ሲገባ ነው፤ ከዚያ በፊት ሽያጩ በቁጥር 2878 በሦስተኛ ወገን ላይ መቃወሚያ አይሆንም። ለምሳሌ በነፋስ መውጫ ከተማ ቤት የገዛ ሰው ውሉን በሕጋዊ መንገድ አዋውሎ ስም ሳያዛውር ቢቆይ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ዘንድ ባለቤቱ አሁንም ሻጩ ነው። ደንቡ ጨካኝ ቢመስልም ምክንያት አለው፤ ባለዕዳ ከዘመዱ ጋር ተስማምቶ ወደኋላ ቀን የጻፈውን ውል እያቀረበ አበዳሪውን ባዶ እጁን እንዳያስቀር ይከላከላል።

የሰበር ችሎቱ በ1999 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 21448 የቁጥር 1723 ምዝገባ ለውሉ መጽናት አስፈላጊ ነው ብሏል። ሻጩ ሽያጩን ባመነባቸው ጉዳዮች ላይ ኋላ የተሰጡ ውሳኔዎች ይህን አላልተዋል። ይሁንና የሻጩ እምነት በሻጭና በገዢ መካከል ያለውን ክርክር ይፈታል እንጂ ስም ያልተዛወረለትን ቤት ከሻጩ አበዳሪ አያድንም።

ቤቱ የተያዘበት ገዢ በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 418 መሠረት ለአፈጻጸም ችሎቱ ተቃውሞ ያቀርባል፤ ካልተቀበሉት ራሱን የቻለ ክስ መመሥረት ይችላል። ከተረታ የሚቀረው ዋጋውን ከሻጩ መጠየቅ ነው፤ ሻጩ ግን አስቀድሞ ዕዳውን መክፈል ያቃተው ሰው ነው።

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ይህ ክርክር የሚነሳው በከተማ ቤቶች ላይ ነው። የእርሻ መሬቱ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ገበሬው አይሸጠውም፤ አበዳሪውም በሐራጅ አያሸጠውም። አዋጅ ቁጥር 1324/2016 የመጠቀም መብትን ለብድር ማስያዝ ይፈቅዳል።